ያልቆለፍኩት ብሎን

ትናንት ባቡሩ ጣቢያው ሲደርስ መንኮራኩሮቹ እየተፋጩ ቆሙና ከሥራቸው የጋለ ብረት ሽታ ወጣ። መንገደኛው ጓዙን ለማውረድ ሲራኮት እኔ ከቦታዬ ሳልንቀሳቀስ ቀረሁ። ያ ሽታ ባገኘኝ ቦታ ሁሉ ያስቆመኛል። አዳማ ውስጥ፣ ከሐዲዱ ወዲያ፣ ግራሮቹ ሥር አንድ ቀጥቃጭ ነበረ። ስለ እሱ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለአንተ ልንገርህ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከተማው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው በቆዳና በቡና የሚነግዱ አንድ የወሎ ሰው፣ ለባቡር ሥራ መጥቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ሞተር ብስክሌት ገዙ። ገዙት እንጂ ሊነዱት አልደፈሩም። እኔ ሦስት ጊዜ ወድቄ ተማርኩና የሐጂ መልእክተኛ ሆንኩ፤ አቦምሳ ድረስ ደብዳቤ አደርስ ነበር። በዚያ ላይ ግጥም ይሞካክረኛል። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ ያገኘሁትን ወረቀት፣ የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር፣ በግጥም እሞላው ነበር። ሞተሩ ላይ ወጥቼ አቧራው ከኋላዬ ሲነሳ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጎማው ሲፈነዳ ግን ያ ሁሉ ኩራት ተንበርክኮ ወደ ቀጥቃጩ ግቢ ይሄዳል። በከተማው የሞተር ነገር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ማረሻና ማጭድ እየሠራ የኖረ ኦሮሞ ነው፤ የፈረንጁን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ማንም ሳያስተምረው ደረሰበት። ሰዎች ማረሻቸውን አጥሩ ሥር አስቀምጠው ከሩቅ ይጠሩታል እንጂ ግቢው አይገቡም። እናቶች በዚያ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቡዳ ነው ይሉታል። በዕድሜ አባቴ ቢሆንም እኔም አንተ እለው ነበር፤ ቀጥቃጭን አንቱ የሚል ሰው አላየሁም። ግቢው ግን እገባ ነበር፤ ሰው በማያይበት ሰዓት።

ሚስቱ ወናፉ አጠገብ ተቀምጣ ታሾፍብኛለች።

«ዛሬስ ማንም አላየህም?»

«ማንም።»

«ያየህ ካለ፣ ምሳቸው ልሆን ነው የሄድኩት በለው!» ብላ ትስቃለች፤ ፍሙም ከሳቋ ጋር ቦግ ይላል።

እሱ አይስቅም፤ ሥራ ላይ ነው። ከመሪው እጀታ ተነስቶ እስከ ኋላው ጎማ የሚወርድ የሽቦ ገመድ ነበረ፤ ፍሬኑን የሚስበው እሱ ነው። ጎማው ሲወልቅ ገመዱም ይፈታል። መልሶ ሲታሰር ብሎኑ ይጠብቅና በጫፉ ባለች ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ገብታ ትቆለመማለች፤ የመንገዱ ንቅጥቅጥ ብሎኑን እንዳያላላው መቆለፊያዋ እሷ ናት። ጎማውን ገጥሜ ስነሳ ሁልጊዜ ልብሴን ይዞ ይመልሰኝ ነበር።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አሁን የሠራኸው መሄጃውን ነው። መቆሚያውስ?»

ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ሐጂ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ሶደሬ ወርደው ፍል ውሃው ውስጥ ሊዘፈዘፉ ፈለጉ፤ እኔ ከኋላዬ አስቀምጬ ልወስዳቸው። በጠዋት የኋላው ጎማ ተንፍሶ አገኘሁትና ሞተሩን ወደ ግራሮቹ ገፋሁ። ቀጥቃጩ የሰው ማረሻ እሳት ውስጥ ስለነበረበት ጎማውን ራሴ ቀየርኩ፤ ብሎኑንም ራሴ አሰርኩ። መቆለፊያዋን ሽቦ በጣቶቼ ይዤ ላስገባት ስል ድንገት አንድ ስንኝ መጣልኝ። ስለ ፍጥነት ነበር መሰለኝ። እንዳይጠፋብኝ ሽቦዋን ደረት ኪሴ ውስጥ ጨመርኩና እርሳሴን አወጣሁ። ከዚያ ግጥም ዛሬ አንድ ቃል አላስታውስም።

ጽፌ ሳልጨርስ ሐጂ ከአጥሩ ውጭ ጮኹ።

«አንተ ልጅ! ፀሐዩ ሳይበረታ እንጂ!»

ሞተሩን እየገፋሁ ወጣሁ። በአጥሩ ሥር ገበያተኛው ከነአህያው ይጎርፋል። ቀጥቃጩ ጉጠቱን እንደያዘ ተከትሎኝ ወጣ።

«ቆይ፣ ፍሬኑን ልየው» አለኝ።

ሰዉ ቆሞ ያየን ጀመር። ከቀጥቃጭ ግቢ ስወጣ መታየቴ ሳያንስ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልብሴን ይዞ ሲመልሰኝ መታየቱን አልቻልኩትም።

«አይቼዋለሁ» አልኩት፤ ፊቱን እንኳ አላየሁም። ሐጂን አስቀምጬ አስነሳሁ።

ከኋላዬ የሚሮጥ ኮቴ ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸቱን። «ሱታ! ሱታ! ቀስ በል! ፍሬኑ ሳይታይ ቁልቁለቱን አትውረድ፤ ትወድቃለህ!»

ገበያው ሁሉ ሰማ።

ወደ አዋሽ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ እጀታውን ስጨብጠው እንደ እርጥብ ጨርቅ ላላብኝ። ሐጂ ወገቤን አንቀው «ያ ረቢ!» ሲሉ፣ የወንዙ ዳር ዛፎች ወደ እኛ ሲሮጡ፣ የጠጠሩ መዓት ሆዴ ሥር ሲያጓራ ትዝ ይለኛል። እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። እኔ ተቧጨርኩ። የሐጂ እግር ግን ከጉልበታቸው በታች ተሰብሮ ዞሮ ነበር። ቁስላቸውን የማስርበት ጨርቅ ፍለጋ እጄን ኪሴ ስከት ያቺ ሽቦ ጣቴን ወጋችኝ።

መንገደኞች ደርሰውልን በቃሬዛ አገባናቸው። የዚያን ዕለት ከሰዓት ቤታቸው በሰው ተሞላ፤ ወሬውም አንድ ነበር።

«በዓይኑ በላቸው!»

«ትወድቃለህ ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ሐጂ ፍትሕ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ላብ እያጠመቃቸው እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ደህና አድርገህ አስረኸው ነበር?»

በሩ ላይ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሽቦዋ ኪሴ ውስጥ ናት።

«አዎ፣ ሐጂ» አልኩ።

አመኑኝ። እንዲያ በቀላሉ ያምኑኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «እንግዲያስ ሌላ ምን ይሆናል» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽማግሌዎቹም ቀጥቃጩ እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ከተማውን እንዲለቅ ፈረዱ።

አንድ ሙሉ ሳምንት ነበረኝ። በየጠዋቱ የምለውን እያጠናሁ ሐጂ በር ላይ እደርሳለሁ። «ግባ ልጄ፤ አንተ እንኳ ተረፍክልኝ» ይሉኛል። ገብቼ ውሃ አቀብያቸው እወጣለሁ።

ከሄደ ወዲህ፣ ወደ መቂ ወረደ ሲሉ ሰምቼ፣ ሁለት ጊዜ እዚያ ወርጄ ጠይቄያለሁ። «ቀጥቃጭ? ማን የሚባል?» ይሉኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ግቢው ስገባና ስወጣ ስሙን ጠይቄው አላውቅም።

በሚሄዱበት ጠዋት ሞተሩን ጠግኜ ከሐጂ በር ፊት ለፊት አቁሜው ነበር። ቀጥቃጩና ሚስቱ ወናፉንና ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ በአንዲት አህያ ጭነው መጡ። የገበያው ሰው መንገዱን ለቀቀላቸው፤ በአክብሮት አልነበረም። እሱ አህያዋን ለሚስቱ ተወና ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ከጎማው አጠገብ ተንበረከከ።

«እጀታውን ጨብጥ» አለኝ። «ልቀቅ እስክልህ አትልቀቅ።»

ጨበጥኩ። ሞተሩን በትከሻው ገፋው፤ ጎማው አልተነቃነቀም። በአውራ ጣቱ ጥፍር ብሎኑን ዳሰሰ፤ ሽቦዋን ዳሰሰ።

«ዛሬስ ቆልፈኸዋል።»

«ያን ቀን…» አልኩ።

«ስትነሳ ብሎኑ ባዶውን ሲወዛወዝ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ በእሳት ብዛት የቀሉ፣ ሽፋሽፍታቸው የተቃጠለ ነበሩ። ከዚያ በፊት በብርሃን አይቻቸው አላውቅም።

«ተናገርኩ እኮ» አለ። «ጮኬ።»

«ለሽማግሌዎቹ ማለቴ ነው።»

«እኔን ማን ይሰማል፣ ልጄ? አንተን ግን ይሰሙሃል።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ብሎን ሲያሳየኝ በሚያወራበት ድምፅ ነው ያለው። ሚስቱ ከመንገዱ ተጣራች፤ በዚያ ጠዋት ሳቅ በድምፅዋ አልነበረም። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። አንድ ነገር የሚጠብቅ መስሎ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ አህያዋን ተከትሎ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ከእኔ ሃምሳ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የሐጂ መስኮት ከጀርባዬ ክፍት ነው። አህያዋ ሐዲዱን ስትሻገር መስፉ ጭነቱ ውስጥ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር። ቀጥቃጩ ልቀቅ ሳይለኝ ነው የሄደው። አቧራቸው ከግራሮቹ ወዲያ እስኪጠፋ፣ ጣቶቼም እስኪደነዝዙ፣ ያንን እጀታ እንደ ጨበጥኩ ቆሜ ቀረሁ።