ለክርስትናው የመጣው በግ

የበደለችኝ የክርስትና እናቴ ናት። የበደለችኝም በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ፣ ልጄን ክርስትና ላስነሳ በምሰናዳበት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ አንቱ እላት ነበር። አሁን አልላትም።

ነገሩ የጀመረው በታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ዘፋኝ ነበር፤ ድምፁ በራዲዮ የሚሰማ፣ ከጎንደር እስከ መተማ ሰሊጥ አጫጆች ዘፈኑን እየተቀባበሉ የሚያዜሙለት ሰው። አገሩ ሲከፋ ድንበር ተሻግሮ እኔ ዘንድ መጣ። ባለቤቴ ሀዋታ በሚባል አገር የሰው እርሻ ላይ ነበር፤ እኔ ገበያው ዳር በሣር ዳስ ውስጥ ሻይ እሸጣለሁ። ወንድሜ በደረሰ በሳምንቱ ወባ ጣለው። እኔ አራስ ነበርኩ፤ ላስታምመው አልቻልኩም። መስጊዱ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወስደው አስታመሙት። ሲድን እዚያው ሰነበተ። ከዚያ በአንድ ጁምዓ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ሰለመ።

የነገረኝ ራሱ ነው። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መጥቶ ከዳሱ በር ተቀመጠ።

«በእህል ገዙት ይሉሻል፣ እህት ዓለም። አልገዙኝም። ታምሜ ተኝቼ ሲጸልዩ እሰማቸው ነበር። ልቤ እዚያ ሄደ።»

«ዘፈኑስ?»

«ተውኩት።»

«እማዬ ስትሰማስ?»

«እስካሁን ሰምታ ይሆናል። ስሙ የታወቀ ሰው ገመናውን የሚያውቀው ከሰው ኋላ ነው» ብሎ ሳቀ።

ስሙንም ለወጠ ተባለ። እኔ ከድሮም የምጠራው ወንድም ዓለም ብዬ ስለነበር በዚያ በኩል የተቸገርኩበት ነገር የለም።

የተቸገርኩት በሰው ነው። በማግስቱ ዳሴ ሞላ። ከጎንደር መጥቶ ሱቅ የከፈተ አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ ጥሩ ደንበኛዬ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «እትዬ፣ የራዲዮኑ ሰው ትናንት ከጎኔ ሰገደ። ትከሻዬን እዩልኝ» አለ። ከጥግ የተቀመጠው የእርሻ ሠራተኛ «ትከሻህ ይቅርና፣ ለእኛ ሠርግ ማን ይዝፈንልን?» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ማንቆርቆሪያውን አየሁ። አፈርኩ።

በዚያ ዓመት በየእርሻው ስንቱ ሠራተኛ ሰልሟል። ማንም ስሙን አላነሳም፤ ማንም አላለቀሰለትም። ወንድሜ ግን የታወቀ ስለነበር አንዱ ወገን እንደ ምርኮ ቆጠረው፣ ሌላው እንደ ሬሳ። በልቶ ማደሩን የጠየቀ አልነበረም።

የክርስትና እናቴ እንደ ሬሳ ከቆጠሩት አንዷ ናት። እኔን ጎንደር ላይ ክርስትና ያነሳችኝ እሷ ናት። ገዳሪፍ ቀድማኝ ገብታ ባለ ግቢ ሆናለች። የኛ ሰዎች የሚጸልዩበት ዳስ በግቢዋ ነበር፤ ከስደተኛው ጋር የመጡት ቄስም የሚበሉት ከሷ ቤት ነው። ልጄን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አነሳለሁ ብላ ቃል ሰጥታኛለች። ያለሷ ቄስም፣ ጸሎት ቤትም አልነበረኝም። ልጆች እንደ ቅጠል በሚረግፉበት ዓመት ደግሞ ልጄ ሳትጠመቅ እንዳትሞትብኝ ሌት ተቀን እሰጋ ነበር።

ከክርስትናው በፊት የማርያም ማኅበር ነበር፣ በሷው ቤት። ጠላ በዚያ አገር ሕግ ክልክል ስለሆነ የምንጠጣው ብርዝ ነው፤ ማር ስለሌለ ብርዙም ስኳር በውሃ ነው። ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ከእጄ ላይ አነሳችውና በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ።

በእኛ አገር ክርስቲያን ቤት ለሙስሊም እንግዳ የሚቀመጥ ዕቃ ለብቻው ነው፤ ሙስሊሙም ቤት ለእኛ እንዲሁ። የዚያን ጣሳ ቦታ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከበሩ ጀርባ ነው የሚሰቀል።

«እማማ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«አንቺማ ምን ታደርጊ ልጄ። ግን ወንድምሽ ቤትሽ ይገባል፣ ይወጣል። ከል ልበሺና ልቅሶ ተቀመጪለት። ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ። ከዚያ ልጅሽን አነሳለሁ።»

«በቁሙ ላለ ሰው?»

«ለእኛ ሞቷል።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ መሬት አዩ። ከነሱ መካከል ከኔ ሻይ በዱቤ የሚጠጡ ነበሩ። በጣሳው ያለውን ጠጣሁ።

ከል ግን አልለበስኩም። የክርስትናው ቀን ጠዋት ልጄን ነጭ አልብሼ ሄድኩ፤ የክርስትና እናቴ ሕፃን እያየች ከበር አትመልስም ብዬ ነው። ገና ከግቢው እንደ ገባሁ ወንድሜ መጥቶ ከበሩ ውጭ ቆመ፣ በግ በገመድ ይዞ። ሠርግ ወይ ክርስትና አለ የተባለበት ቤት ሁሉ ረሃብተኛ ይሰበሰብ ስለነበር፣ ከኋላው ብዙ ሰው ቆሟል።

«እማማ፣ እኔ አልገባም» አላት። «አላረድኩትምም። ከእናንተ ሰው አንዱ በስመ አብ ብሎ ይረደው። ልጅቱ ባዶ ቤት ክርስትና እንዳትነሳ ብዬ ነው።»

እንደዚያ ያሰበ ሌላ ሰው አልነበረም። ሥርዓታችንን አልረሳም፤ እሱ ካረደው እንደማንበላ ያውቃል።

«የእስላም በግ ግቢዬ አይገባም» አለች። ገዳሪፍ ገበያ ከሙስሊም ያልተገዛ በግ የት እንዳየች እሷ ትወቅ።

«የሰገድኩት እኔ ነኝ፣ እማማ። በጉ አልሰገደም» አላት።

ከበር የቆሙት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

«በጉ ከገባ ቄሱ ይወጣሉ። እሱ እዚህ ቆሞም ልጅ አላነሳም። ሂድ፣ አላውቅህም በይው፤ ሁሉም ይስማ።»

ቄሱን አየኋቸው። መስቀላቸውን ያገላብጣሉ። ወንድሜ ገመዱን እንደያዘ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ አላውቅህም እንድለው የጠበቀ መሰለኝ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያ ነው፤ እንደምለው በመጠርጠሩ። የጣሳውን ወሬ ሰምቶ ነበርና።

ልጄን አዘልኳት። ገመዱን ከእጁ ተቀበልኩ። ወደ ወንድሜ ማደሪያ ሄድን፤ ከበር የቆሙት ተከተሉን። በጉን ወንድሜ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ለሰው አበላን። እኔም በላሁ። ንስሐ አልገባሁበትም። ልጄ ከርማ፣ አገር ስንመለስ፣ መተማ ላይ ክርስትና ተነሳች፤ ያነሳቻት ከዚያ ቀን በፊት አይቻት የማላውቅ ሴት ናት። የክርስትና እናቴ ስትሞት ሰው ልከው ነገሩኝ። ልቅሶዋ አልሄድኩም።