ከፍተሻው በኋላ የሚመጣው አናጢ

ሰፈሩ ሁሉ አባ መዝጊያ ይለው ነበር። አናጢ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ፣ ሰው ቤት ሲገባ ከባለቤቱ በፊት በሩን የሚዳብስ ሰው። ሚስቱ ስትቀልድበት «እኔንም ያገኘኝ የአባቴ ቤት በር ሲንቋቋ ሰምቶ ሊያስተካክል ገብቶ ነው» ትላለች። ውሸቷን አይደለም።

መንግሥት በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ላይ ዘመቻ የጀመረ ጊዜ የአባ መዝጊያ ሥራ መልኩን ቀየረ። ዕፁን የሚያመጡትና የሚያከፋፍሉት ሰዎች ተደራጅተው ከተማውን እንደ አባታቸው ርስት ተከፋፍለውት ስለነበር፣ እነሱን የሚከታተል ልዩ የፖሊስ ቡድን ተቋቋመ። ቡድኑ ማለዳ ይመጣል። ካንኳኳ ዕቃው ሽንት ቤት ውስጥ ይደፋበታልና አያንኳኳም፤ ሰብሮ ይገባል። የሚፈለገው ሰው ይያዛል፣ ዕቃው ይወሰዳል፣ በሩ ግን እንደተገነጠለ ይቀራል። አንዲት እናት እንዲህ ከተፈተሸ ቤት ልጇን ተከትላ ጣቢያ ውላ ስትመለስ፣ ሌቦች ገብተው እስከ አልጋ ልብሱ አራቁተውት ጠበቋት። የቡድኑ ኃላፊ የነበረችው ኢንስፔክተር ይህን በሰማች ማግስት አባ መዝጊያ መሥሪያ ቦታ መጣች።

«ጋሼ፣ እኛ የሰበርነውን በር በዚያው ቀን የሚጠግን ሰው እፈልጋለሁ።»

«ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ቀስ ብላችሁ ብትሰብሩስ?»

ሳቀች። «እሱን ብንችልማ አናጢ እንሆን ነበር።»

ሥራውን ሲጀምር ሰፈሩ አኮረፈው። ከፖሊስ ኋላ ሲመጣ የሚያዩት አንዳንዶች «ጠቋሚው እሱ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ሰላምታ ነፈጉት። ነገሩ እየከነከነው ምግብ አልበላ ሲለው ሚስቱ፣ «ሐኪምም ከበሽታ ኋላ ነው የሚመጣው። በሽታውን አንተ አመጣኸው ያለው ሰው አለ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው አፍ መጨነቁን ተወ።

እየለመደ ሲሄድ ለራሱ ደንብ አወጣ። የተበረበረውን ዕቃ አያይም። ምን ተገኘ፣ ማን ተያዘ ብሎ አይጠይቅም። «እንዴት አደራችሁ» ማለትንም ተወው፤ በዚያ ጠዋት እንዴት እንዳደሩ ማንም ያውቃል። «ቤቶች፣ በሩን ልሠራ ነው የመጣሁት» ብሎ ይገባል፣ መሣሪያውን ጨርቅ ላይ ይዘረጋል፣ መዶሻውንም በተቻለው መጠን ያለዝባል። በር ሲሰበር የሰማ ሰው በመዶሻ ድምፅ እንደሚባንን ያወቀው አንዲት ሕፃን ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣም ባለችበት ቀን ነው።

አንድ ቀን የተጠራበት ቤት ግን ከደንቡ አስወጣው።

ፎቅ ላይ ያለ፣ ጠባብ፣ ጥንቅቅ ብሎ የተያዘ ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ስታጥብ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ከእሱ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። ከአንድ ወንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ልጁ በሞተር ብስክሌት ዕቃ ያደርሳል፤ እሷ የምታውቀው ምግብና ፖስታ እንደሚያደርስ ነው። ፖሊሶቹ ከመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ በላይ እሽግ ሲያወርዱ፣ ወደ ልጇ ዞራ «ይሄ የማን ነው?» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ አላያትም። ወለሉን እንዳየ ይዘውት ወጡ።

አባ መዝጊያ ሲደርስ ሴትዮዋ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የተበተነውን ልብስ ከወለሉ አንድ በአንድ እያነሳች ታጥፋለች። ያጠፈችውን ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። መቃኑን አቃንቶ፣ የተሰነጠቀውን መዝጊያ ገጥሞ፣ አዲስ ሰረገላ ቁልፍ ከሳጥኑ ሲያወጣ ነው ዘወር ያለችው።

«እሱን አታስገባ።»

«አሮጌው ተጣሟል፣ እትዬ።»

«አቃናዋ። የልጄ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ሲመጣ በምን ሊከፍት ነው?»

የታሰረ ሰው ኪስ እንደሚራገፍ አልነገራትም። አሮጌውን ሰረገላ ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ቀስ እያለ ያቃናው ጀመር። ኢንስፔክተሯ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት አነጋግራ ስትወርድ እዚያው አገኘችው።

«ጋሼ፣ እሱን መልሰው እንዳይገጥሙት» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የዚህ ቤት ቁልፍ በሌላም ሰው እጅ ነው። የተወሰደባቸውን ፍለጋ ይመጣሉ።»

«እሷ ታውቃለች?»

«እንዴት ብዬ ልንገራት? ልጇን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። እኔ አፌን ስከፍት እሷ ጆሮዋን ትዘጋለች።»

አባ መዝጊያ ተመልሶ ገባ። ቆሞ መናገሩ ደስ ስላላለው ወለሉ ላይ፣ ከልብሱ ክምር ማዶ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ የዚህ በር ቁልፍ ያለው ልጅዎ ጋ ብቻ አይደለም።»

እጇ ልብሱ ላይ ቀረ። «አለቃው» አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር። የልጇ አለቃ ነኝ የሚል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ በመጣ ቁጥር ብርቱካን ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። «እናቴ» ነበር የሚላት። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ፣ ልጇ በሌለበት ሳሎን ተቀምጦ አገኘችው። ልጇ ከፍቶለት የወጣ መስሏት ነበር።

«ሻይ አፈላሁለት» አለች። «ይቅርታ፣ ብቻህን ተቀመጥክ ብዬ ሻይ አፈላሁለት። ለካ በገዛ ቤቴ እንግዳዋ እኔ ኖሬያለሁ።»

አባ መዝጊያ እጁን ሥራ ለማስያዝ አንድ ሸሚዝ አነሳና እንደ እሷ ሊያጥፍ ሞከረ። አጣጠፉን አይታ ከእጁ ወሰደችበት። «እንዲህ አይደለም» አለችው፤ እንባዋ የመጣው ያኔ ነው። አልቅሳ ሲወጣላት፣ «ቀይረው» አለች።

ማታ ይህን ለሚስቱ ሲያወራላት አላስጨረሰችውም። «ብቻዋን ናት?» ብላ ጠየቀችና በማግስቱ ሻርፗን ጣል አድርጋ ሄደች። ጎረቤቱ ሴትዮዋን መሸሽ ጀምሮ ነበር፤ ደረጃ ላይ ሲያዩዋት ስልክ የተደወለላቸው ይመስል ፊታቸውን የሚያዞሩ ሞልተዋል። የአናጢው ሚስት ግን ወሬ የማያልቅባት ናት። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ባሏ ማንኮራፋት ስታወራላት ትውላለች። ስለ ልጁ አንድ ቀን ብቻ አንስታ፣ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንቺ ሸክሙን ነው እንጂ ቀለሙን አልመረጥሽም» አለቻት።

አንድ ቀን ሁለቱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ሳለ ነው ሰውዬው የመጣው። መጀመሪያ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲገባ ሰሙ። ሲፍተለተል፣ አልዞር ሲል፣ ሲወጣ፣ ደግሞ ሲገባ። ከዚያ ተንኳኳ።

«እናቴ፣ እኔ ነኝ። ብርቱካን ይዤልሽ መጣሁ።»

ሴትዮዋ ተነስታ መዳፏን መዝጊያው ላይ አሳረፈች። «እናትህ እዚህ አትኖርም» አለችው።

ከዚያ ያ ለስላሳ ድምፅ ተለወጠ። «ልጅሽ ያለበት ቦታ ብዙ ወዳጆች አሉኝ። አስቢበት» ብሎ ደረጃውን ወረደ። የአናጢው ሚስት በሕይወቷ ቃል ያጣችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ፈራች፤ ለራሷ ሳይሆን ለልጇ። ግን በዚያው ቀን፣ በአናጢው ሚስት ክንድ ተደግፋ ኢንስፔክተሯ ቢሮ ገባች። «መጀመሪያ ልጄን አድኚልኝ፣ ከዚያ የማውቀውን እነግርሻለሁ» አለቻት። ኢንስፔክተሯ አልተከራከረችም። ልጁ ከሰውዬው ወዳጆች ተለይቶ ሌላ ማረፊያ ቤት እስኪገባ ድረስ ከስልኩ አልተላቀቀችም፤ ከዚያም እናቱን ወስዳ በዓይኗ አሳየቻት። ልጁ እናቱ በሩ ጋ ያለችውን ሲሰማ ራሱን በእጆቹ መሃል ቀብሮ ቆየ። «አንቺ ደፍረሽ እኔ ዝም ልል ነው?» አለ በመጨረሻ። የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ፤ ባለብርቱካኑ ሰውዬና ከበላዩ የነበሩትም ተያዙ።

ችሎት ላይ ፊቷን የሚሸፍን መጋረጃ አዘጋጅተውላት ነበር። «ድምፄን ያውቀዋል፤ ሻዬን ጠጥቷል። መጋረጃው ለማን ነው?» ብላ አስነሳችውና ፊት ለፊቱ ቆማ መሰከረች። ሰውዬውም በተራው፣ ልጇ በተያዘ ቀን እንዳደረገው፣ ወለሉን አየ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ንግዱ ከሥሩ ተነቀለ ማለት አይቻልም። አንዱ ሲታሰር ሌላው ቦታውን ይይዛል፤ አባ መዝጊያም በር መጠገኑን አላቆመም። ኢንስፔክተሯ ግን ከዚያ ወዲህ፣ እናት ወይም አዛውንት ያለበት ቤት ሲፈተሽ አንዲት ሴት ፖሊስ እስኪረጋጉ ድረስ አብራ እንድትቀመጥ አዘዘች። አለቆቿ «እኛ ሐዘን ደራሾች ነን እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ልጁ ስለተናገረ ቅጣቱ ቀለለት። የሚፈታ ቀን አባ መዝጊያ አሮጌ መኪናውን አጥቦ፣ ሚስቱን ከፊት፣ ሴትዮዋን ከኋላ አስቀምጦ ወሰዳቸው። ልጁ በስስ ፌስታል ልብሱን ይዞ ብቅ አለ። ከስቷል፤ የሚቆምበት ቦታ የጠፋው ይመስላል። እናቱ ስንት ሌሊት ስታዘጋጀው የከረመችው ንግግር ነበራት። ያን ሁሉ ትታ ራሱን ደባበሰችና፣ «ፀጉርህን ማነው እንዲህ ያበላሸው?» አለችው።

መንገድ ላይ ትከሻዋ ላይ ተደግፎ ብዙ ሄደ። ከዚያ መሪ የያዘውን ሽበታም ሰውዬ አየት አድርጎ፣ «እማዬ፣ ማናቸው?» አላት በሹክሹክታ።

«ታናሽ ወንድሜ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

የአናጢው ሚስት ከፊት ዞረች። «እኔስ ታዲያ?»

«አንቺማ እህቴ ነሽ። እሱ በአንቺ በኩል የመጣ ነው።»

አባ መዝጊያ ልጁ እንዲተኛ መኪናውን ቀስ አድርጎ ነዳው።