ጋሽ ገረሱና የአማታቸው አበባ

ጋሽ ገረሱ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ መርጫ አዝለው ከኢተያ እስከ ዲክሲስ የዞሩ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበሩ። ገበሬው አመድ ብንበትንስ፣ እንዶድ ብንረጭስ ሲላቸው ይስቁበት ነበር። ተባይ በመድኃኒት እንጂ በአመድ አይሞትም፤ አለቀ! ታዲያ እኚህ ሰው ጡረታ ወጥተው አሰላ ቤታቸው በተቀመጡ በሦስተኛው ዓመት፣ በወተት ጣሳ የተተከለች አንዲት አበባ ልክ አስገባቻቸው።

አበባዋ የባለቤታቸው የተስፋነሽ ናት። ቅጠሏ ወፍራም፣ ግንዷ አጭር፣ ይህ ነው የሚባል መልክ እንኳ የላትም። ግን የተስፋነሽ እናት ወይዘሮ አሰገደች ዲክሲስ ሳሉ በገዛ እጃቸው የተከሏት ናት፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ለተስፋነሽ ከእናቷ የቀረላት ይህቺው ብቻ ነች። አሰገደች ባላቸው ሞቶባቸው አረቄ እያወጡ ነው ልጃቸውን ያሳደጉት። ጋሽ ገረሱ ደግሞ የጴንጤ ልጅ፣ በኋላም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፤ አረቄ የሚሸጥበት ቤት አልገባም ብለው አማታቸው እስኪሞቱ ድረስ ደጃቸውን አልረገጡም። ለቀብር የሄዱ ጊዜ እንኳ ከድንኳኑ አላለፉም። እሳቸው ጽናት ይሉታል፤ ሌላው ሰው የሚለውን እንተወው።

ልጃቸው ሴና አዳማ ስትወልድ ተስፋነሽ ልታርሳት ሄደች። ሻንጣዋን አንስታ በር ላይ ቆመችና፣ «እናቴን አደራ» አለች አበባዋን እያየች። «ያንን የስንዴ መርዝህን ደግሞ እንዳታስጠጋባት፤ ስንመለስ ሕፃን ይዘን ነው የምንመጣው።»

በሦስተኛው ሳምንት ከቅጠሎቹ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ታየ። ጋሽ ገረሱ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ ብለው አዩት። ተባዩን ያውቁታል፤ የሚገድለውንም መርዝ ያውቃሉ፤ መርጫውም ጓዳ ተሰቅሏል። ግን አደራ አለ። ጨነቃቸውና ጎረቤታቸውን ዘይቱናን አማከሩ፤ ዘይቱና ቤቷ ሙሉ አበባ ነው። በሳሙና ውሃ እጠቧት አለች፤ አጠቧት። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ዘፍዝፈው ረጩባት፤ እሳቸውን ሲያስነጥስ ዋለ። ተባዩ ጥቂት ቀን ይጠፋና ከቅጠሉ ብብት ተመልሶ ብቅ ይላል። ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ። ጧት ጧት የረገፈውን ለቅመው ኪሳቸው ይከቱታል፤ መጣሉ አሳፈራቸው። በመጨረሻ ዘይቱና፣ ጥጥ በአልኮል ነክረው አንድ በአንድ ይጥረጉት፣ በሳምንት አንዴ እያደረጉ ሦስት ጊዜ አለቻቸው። ፋርማሲ ሄዱ፤ አልቋል። ሌላ ፋርማሲ ሄዱ፤ እዚያም አልቋል። የሁለተኛው ፋርማሲ ሴትዮ እየሳቀች፣ ዳግም አረቄም ይሠራል አለቻቸው።

ጉድ ፈላ! አንድ ቀን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ውለው፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ከገበያው ጀርባ ካለችው አረቄ ቤት ገቡ። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ኮታቸው ውስጥ ሸጎጡት። እንዲህ ተደብቆ የሚሄድን ሰው ደግሞ ከተማው ሁሉ ያየዋል።

ሁለተኛውን ዙር ጠርገው ተባዩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ቤተ ክርስቲያን አብሯቸው የሚያገለግለው ሽማግሌው ግዛቸው ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ጸለዩ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ከዚያ ወደ አረቄው ነገር ገቡ። ጋሽ ገረሱ እውነቱን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ግዛቸው አበባዋን አየ፣ መስኮቱ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየ፣ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። በመጠጥ ተከሶ ሽማግሌዎቹ ፊት የቀረበ ሰው ሁሉ ምክንያት አያጣም፤ አንዱ ለጥርሴ ነው ይላል፣ ሌላው ለበሬዬ ቁስል። ለአበባ ነው ያለ ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም። እነዚያን ሁሉ ሲቀጡ የኖሩት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ገረሱ ናቸው።

«ለጊዜው ከአገልግሎት ይረፉ» አለ ግዛቸው። «እዚያ ቤት ዳግመኛ ከታዩ ግን ሽማግሌነቱም ይቀራል።»

ሦስተኛው ጠረጋ ገና ይቀራል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው ጠብታ ደግሞ ጥጥ አታርስም። ተስፋነሽ በዘጠኝ ቀን ትመጣለች። ጋሽ ገረሱ ሁለት ቀን እህል አልበላ አላቸው፤ ሃያ ዓመት ያገለገሉበት ነገር ነው፣ ቀላል አይደለም። በሦስተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ ወጥተው ሄዱ። ኮፍያ የለ፣ ጋዜጣ የለ።

የአረቄ ቤቷ ባለቤት አሮጊት ናቸው። ጠርሙሱን እየሞሉ፣ እርስዎ ጠጪ አይመስሉም፣ ለምንዎ ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ገረሱም መደበቁ ሰልችቷቸው ስለ አበባዋ፣ ስለ ዲክሲስ፣ ስለ አሰገደች ነገሯቸው። አሮጊቷ ጠርሙሱን አስቀመጡት። ለካ አረቄ ማውጣት ያስተማሯቸው አሰገደች ኖረዋል።

«እርስዎ ነዎት እንዴ አማቿ?» አሉ። «አዲስ ብርጭቆ ገዝታልዎ ነበር እኮ። አረቄ ያልነካው። አማቼ አንድ ቀን ከመጣ ውሃ ይጠጣበታል ብላ ሣጥን ውስጥ ለብቻው አስቀምጣው ነበር። እኛ እንስቅባት ነበር። ስትሞት ከላዩ ያለው የፋብሪካ ወረቀት እንኳ አልተነሣም።»

ጋሽ ገረሱ እንባቸው መጣ። ያን ሁሉ ዓመት አማታቸው የጠበቁት አንድ ብርጭቆ ውሃ ሊያጠጧቸው ብቻ ነበር፤ እሱንም ነፈጓቸው። በሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉና ውሃ ለመኑ። አሮጊቷ ሌላ ዕቃ ስለሌላቸው በአረቄ መለኪያ ቀዱላቸው። ጋሽ ገረሱም ተቀብለው እስከ ጠብታዋ ጠጡ።

ግዛቸው በመንገዱ ሲያልፍ አያቸውና ባለበት ደርቆ ቀረ። ጋሽ ገረሱ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ መለኪያውን ወደ አሮጊቷ ዘረጉ።

«ይድገሙኝ፣ እትዬ» አሉ።