የውሃ ዳኛው አራጌና ያልተቀጣው ሊቀመንበር

ከቆቦ በታች፣ የሆርማት ጎርፍ ሜዳው ላይ በሚበተንበት ቆላ፣ አራጌን የውሃ ዳኛ ያደረገው መንግሥት አይደለም። ገበሬው ነው፤ ያውም በጭብጨባ ሳይሆን በጭቅጭቅ። እዚያ አገር ዝናቡ የሚጥለው በምዕራቡ ተራራ ላይ ነው፤ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ እያጓራ ይወርዳል። በድንጋይ፣ በእሾህና በአሸዋ ክትር ሠርቶ ጎርፉን ወደ ማሳው የጠለፈ ማሽላ ያፍሳል፤ ያልጠለፈ ይለምናል። ስለዚህ ተራ አለ፣ ተራውን የሚጠብቅ ዳኛም አለ። የሰው ተራ የሰበረ ቅጣቱ የታወቀ ነው፦ ፍየል በገዛ እጁ ጎትቶ ከተበደለው ሰው ደጅ ያቆማል፤ የተበደለው አርዶ ከጎረቤቱ ጋር ይበላል፤ ነገሩም እዚያው ይሞታል።

አራጌ በዚህ ሕግ የገዛ ወንድሙን ይሁኔን ቀጥቷል። አማቱንም ቀጥቷል። «አማትህን እንኳ?» ሲሉት፣ «ጎርፍ አማት አያውቅም» ይላል። ሚስቱ ለዓመት በዓል እናቷ ቤት ብቻዋን እስከመሄድ ደርሳ ነበር፤ እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም።

መሬት ለአራሹ በታወጀበት በስልሳ ሰባት ክረምት አያሌው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነና ምንሽር ተሰጠው። ትናንት ባላባት ፊት አንገቱን ደፍቶ ይቆም የነበረ ሰው፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ሲያርፍ አንገቱ ረዘመ። ሐምሌ ላይ፣ ተራው የራህመት በሆነበት ቀን፣ ክትሯን በዶማ ንዶ ጎርፉን ወደ ራሱ ማሳ መለሰው። ራህመት ባሏ ሞቶባት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ያላት ያ ማሽላ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሯል። በዚህ ክረምት ጎርፍ ካልደረሰላት አለቀላት።

«አያ አራጌ፣ ዳኛ አይደለህ? በል ዳኘኝ» አለችው።

አራጌ አያሌው ዘንድ ሄደ። «ፍየል አለብህ» አለው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«የውሃ ዳኛ?» ሳቀ አያሌው። «ዳኛ እኮ ከባላባቱ ጋር ተሽሯል። አልሰማህም?»

«እኔ ሰምቻለሁ። ጎርፉ ነው ያልሰማው።»

ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተሰብስበው አንሾካሾኩ። «መሣሪያ ይዟል፤ ቅጣቱ ይለፈው» አሉ። ይለፈው! ይህች ቃል ስንት ቤት አፍርሳለች! ባላባቱን ዕድሜ ልኩን ያሳለፈችው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ለአዲሱ ጌታ በር ትከፍታለች።

አራጌ ቤት ከበደ የሚባል ዘማች ተማሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተቀምጧል። በልጅነቱ ከሚሲዮን ቄሶች ላቲን ተምሯል። የሽማግሌዎቹን ነገር ሲሰማ፣ «በላቲን ለእንዲህ ያለው ሰው ቃል አላቸው» አለ። «ኢምፑኒስ ይሉታል። አጥፍቶ ሳይቀጣ የቀረ ማለት ነው።»

«ሌላስ ምን ሲሆን ይሉታል?» አለ አራጌ።

«አንዳንዴ ምንም ሳይነካው በደህና የወጣውንም እንዲሁ ይሉታል።»

«በደህና?» አራጌ ብድግ አለ። «የራህመት ማሽላ ይጠውልግ፣ እሱ በደህና! እንዲህማ ከሆነ ቃሉ የሱ ብቻ አይደለም፤ የለቀቅነው የኛም ስድብ ነው። ፍየሉን እስኪያመጣ ድረስ ስሙ ይኸው ይሁን።»

ስሙ በቆቦ ገበያ እንደ በርበሬ ተበተነ። ጨው ሻጯ አበበች አያሌውን ከሩቅ ስታየው፣ «ኢምፑኒስ መጣ፣ መንገድ ልቀቁለት!» ትላለች፤ ገበያው ያሽካካል። አያሌው ቢጨንቀው ከበደን ለብቻው ጠርቶ ጠየቀው።

«ከኢምፔሪያሊስት ይብሳል እንዴ?»

«ኢምፔሪያሊስት ሩቅ አገር ነው ያለው፣ ሊቀመንበር» አለው ከበደ። «ይሄኛው እዚሁ ነው።»

ከዚያ ሌላ ጎርፍ መጣ። መጣና ተራም ሳይጠብቅ የሁሉንም ክትር ጠራርጎ ወሰደው። እንዲህ ሲሆን ደቦ ይወጣል፤ ክትር በአንድ ሰው ጉልበት አይቆምም። ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየሠሩ ወረዱ፤ የራህመትን አቆሙ። አያሌው ማሳ ሲደርሱ አራጌ ዶማውን መሬት ላይ አኖረ። ይሁኔ አኖረ። ሁሉም አኖሩ።

«ሥሩ እንጂ!» አለ አያሌው፣ ምንሽሩን እያወረደ።

«ጥይት ድንጋይ አይሸከምም» አለው አራጌ።

«አሳስርሃለሁ!»

«እሰረኝ። እስር ቤት ቁጭ ብዬ ግን ክትር አልሠራልህም።»

አያሌው ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ። ዓይኑን የሸሸ የለም። ጠመንጃውን መልሶ አንግቶ ሄደ።

በማግስቱ በማኅበሩ ጥበቃ እጅ አንድ ሙሉ የፍየል ሥጋ ራህመት ቤት ላከ። ራሱ ጎትቶ መታየቱን ፈርቶ፣ እቤቱ አርዶ፣ ገፎ፣ በቅጠል ጠቅልሎ። በችኮላው እዚያ አገር ሕፃን የማይስተውን ሳተ፦ ራህመት እስላም ናት፣ ክርስቲያን ያረደውን አትበላም። ሥጋውን እንደመጣ መለሰችው።

«እንግዲህ ፍየሉ ታረደ አይደል? ይብቃ» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ተገላገልን ብለው።

«የተበደለችው ሳትቀምስ?» አለ አራጌ። እሱም ክርስቲያን ነው። «ይኼ የአያሌው እራት ነው። ሰው በገዛ እራቱ ተቀጣ ሲባል የት ሰማችሁ?»

ደመናው ተራራው ላይ እየቋጠረ፣ የአያሌው ማሳ አፉን ከፍቶ ቀረ። በሌላው ቀን ረፋድ ላይ አያሌው ራሱ መጣ፤ ምንሽሩን ቤቱ ትቶ፣ አንድ ቀይ ወጠጤ በገመድ እየጎተተ። ወጠጤው እንደ ጌታው ግትር ነበርና መንደሩን በሙሉ ጠራበት።

ራህመት ደጅ ላይ ቆመ። «በድያለሁ» አለ ዝቅ ብሎ።

«ጮክ በል እንጂ!» አለ አራጌ። «ዋጃ ከተማ ድረስ ባይሰማ እንኳ እዚህ ይሰማ።»

«በድዬሻለሁ፣ ራህመት!»

«አላህ ይቅር ይበልህ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ» አለች። ጎረቤቷ ታሂር ቢስሚላህ ብሎ አረደው፤ እስላሙ ተሰብስቦ በላ። አያሌው ደግሞ እስላም ያረደውን አይበላምና የገዛ ፍየሉ ሲጠበስ ጠረኑን ብቻ እየሳበ ቆመ። ራህመት አየችው፤ ገብታም ትኩስ የማሽላ ቆሎ ይዛ ወጣች።

«ተቀመጥ፣ ወንድምዓለም። ቆሎ ሃይማኖት የለውም።»

አያሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆረጠመ። አራጌ ግን የመቀመጥ ትዕግሥት አልነበረውም። «ተነሱ፣ ደመናው እየጠበቀን አይደለም! ክትሩን እናቁምለት። ጎርፉ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠጣው ግን የራህመት ማሳ ነው፤ ተራዋ ተበልቶባታል።»

የአያሌው ክትር እንደቆመ፣ ጎርፉ ከቀትር በኋላ ቀይ ሆኖ ወረደ። የራህመት ክትር አንድ ጥግ ሲሸረሸር፣ መጀመሪያ ድንጋይ ይዞ የዘለለበት አያሌው ነበር፤ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ «እሾህ አምጡ! አሸዋ ጨምሩ!» እያለ ይጮሃል። ውሃው እየተንሿሿ በራህመት ማሽላ መሀል ገባ።