የተዋስኩት ማስክ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨርቅ መርማሪ ነበርኩ። ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ ቆሜ እያየሁ፣ ክር የተበጠሰበትን፣ ዘይት የነካውን ቦታ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነበር ሥራዬ። ብዙ ዓመት ሠራሁት። በኋላ ግን ቆሜ መተኛት ጀመርኩ። ዓይኔ እንደተገለጠ ነው የምተኛው፤ ጨርቁ ያልፋል፣ እኔ የለሁም። አንድ ቀን ዘይት የነካው ሙሉ ጥቅል አሳለፍኩ። ኃላፊዬ ጠርቶ ጥቅሉን አሳየኝ። በዚያው ሳምንት ወደ መጋዘን አዛወሩኝ።

ባለቤቴ ማንኮራፋቴን ከለመደችው ቆይታለች። የሚያስፈራት ዝም ማለቴ ነበር። ትንፋሼ ቀጥ ሲል እስኪመለስ ድረስ እየቆጠረች እንደምትጠብቅ፣ ሲዘገይባትም ትከሻዬን ይዛ እንደምትንጠኝ የሰማሁት ደሴ ሐኪም ዘንድ ሄደን ስትናገር ነው። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ ሰውነቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙኝና ጉሮሮዬ በእንቅልፍ ላይ እየተዘጋ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ በቱቦና በማስክ አየር የሚገፋ ማሽን አድርጌ መተኛት እንዳለብኝ ነገሩኝ። ማሽኑን ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ላከልኝ። አብሮት የመጣው አንድ ማስክ ነበር፤ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን፣ ግንባር ላይ የሚደገፍ ትልቅ ማስክ።

እኔ ደግሞ በሆዴ የምተኛ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ ከጭነት መኪና ላይ ወድቄ ወገቤ ከተጎዳ ወዲህ በጀርባዬ ከተጋደምኩ እግሬ ይደነዝዛል። ማስኩን አድርጌ ስደፋ ትራሱ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ አየሩ በጉንጬ ሾልኮ ዓይኔ ውስጥ ይነፋል። ሳጠብቀው የአፍንጫዬ ቆዳ ይላጣል። በጎኔ ስዞር ቱቦው ከሥሬ ይታጠፋል። የትራሱን ጥጥ ከመሃል አውጥቼ ለማስኩ ቦታ ሠራሁለት፤ አልሆነም። ጠዋት ስነሳ ማስኩ ከአልጋው ሥር ወድቆ አገኘዋለሁ፤ መቼ አውልቄ እንደወረወርኩት አላውቅም። በሦስተኛው ወር ማሽኑን በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴም ከልጆቹ ጋር መተኛት ጀመረች። አልተጣላንም፤ ትራሷን ይዛ ሄደች።

ሐኪሙ ማሽኑን ይዤ እንድመጣ አዞኝ ደሴ በሄድኩ ቀን ወረፋ ላይ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር ያለው ቦርሳ ከእኔ ቦርሳ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ደሴ ፒያሳ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን የለቀቁ ሰው ናቸው። ማሽናቸውን የላከችላቸው ጂዳ የምትኖረው ልጃቸው ነች። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ እኔ አፍንጫው ላይ ቱቦ አስሮ የሚተኛ ሰው በአገራችን ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

“አብሽር፣ ይለመዳል” አሉኝ።

እኔ እንዳልለመድኩት፣ በሆዴ ካልሆነም መተኛት እንደማልችል ነገርኳቸው። አፍንጫዬ ላይ ያለውን ቁስል ጠጋ ብለው አዩት።

“ልክ ያልሆነ ልብስ ቀበቶ ቢያጠብቁበት ልክ አይሆንም። እሁድ ቤቴ ና” አሉ።

በየእሁዱ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ ደሴ ቤታቸው መሄድ ጀመርኩ። ሜትራቸውን አውጥተው ፊቴን ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ለኩት። ሚስታቸው መርፌው ውስጥ ክር ያስገቡላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ማሰሪያውን ያሳጥራሉ፣ ከማጅራቴ ላይ የሚቆረቁረኝን ዘለበት ወደ ጎን ያዛውራሉ፣ ጉንጬን በሚነካው በኩል ከአሮጌ ካናቴራ የቀደዱትን ጨርቅ ይሰፉበታል። ከዚያ ፍራሽ ላይ በሆዴ ያስተኙኝና ጎንበስ ብለው አየር የሚሾልክበትን በእጃቸው ይፈልጋሉ። ልብስ ልክ አስይዘው የኖሩ እጆች ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚነኩኝ። ተስፋ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሰኞ ጠዋት ማስኩ መሬት ላይ ነው።

አምስት እሁድ እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳው ፎርክሊፍት እየመጣብኝ ቆሜ መተኛቴን፣ ሹፌሩ ጮሆ እንዳተረፈኝ ነገርኳቸው። ከእንግዲህ እንደማልመጣ፣ መልፋታቸው ይብቃ ብዬም ጨመርኩ። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና የራሳቸውን ማስክ ይዘው ወጡ። ትንሽ ነገር ነው። ሁለት ለስላሳ ጎማዎች ከአፍንጫ ቀዳዳ ሥር ያርፋሉ፤ ቱቦው የሚወጣው በአናት በኩል ነው፤ ፊት ላይ ሌላ ነገር የለውም።

“ለአንድ ሳምንት ሞክረው” አሉኝ። “ያንተን እኔ አደርጋለሁ። እኔ በጀርባዬም እተኛለሁ፣ አይቸግረኝም። ከተስማማህ ልጄ እንዲህ ያለውን ትልክልሃለች።”

አይሆንም አልኩ። ካልወሰድኩ ሁለተኛ ደጃቸውን እንዳልረግጥ ማሉብኝ። ወሰድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ እምቢ ያልኩት እንዲያስገድዱኝ ነው፤ ከጓዳ ይዘውት ሲወጡ ነበር ልቤ የከጀለው።

ለብ ባለ ውሃ አጥቤ አደረግኩትና በሆዴ ተደፋሁ። ትራሱ አልነካውም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ልጆቼ ለትምህርት ቤት ሲዘጋጁ የሚያሰሙትን ድምፅ ነው። ነግቷል። ማስኩ ፊቴ ላይ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንቅልፍ ማለት ይህ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ማክሰኞ ደውዬ ስነግራቸው ሳቁ። የእኔ ማስክ እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቅኳቸው። ጥሩ ነው፣ አብሽር አሉ። ድምፃቸው የደከመ መሰለኝ። ዛሬውኑ ላምጣልዎ ማለት ነበረብኝ፤ ደሴ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን አንድ ሌሊት ልጨምር፣ ሌላ አንድ ልጨምር እያልኩ እሁድን መጠበቅ መረጥኩ።

ዓርብ ጠዋት መጋዘን ውስጥ እያለሁ ሚስታቸው ደወሉልኝ። ለሱብሒ ሶላት ሊቀሰቅሷቸው ቢነኳቸው ቀዝቅዘዋል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ፤ የደም ግፊትም የቆየ በሽታቸው ነበር። ስለ ማስክ ያነሳ ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ማስካቸውን በፌስታል ይዤ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሰው ቀለል እስኪል ጠብቄ ሚስታቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

“እናቴ፣ የእኔን ማስክ ያደርጉት ነበር?”

ሻሻቸውን አስተካከሉ።

“ሁለት ቀን አደረጉት። አፈነኝ ብለው ተዉት። ‘ለአንድ ሳምንት ምን እሆናለሁ፣ ልጁ እንቅልፍ አግኝቷል’ አሉኝ።”

ፌስታሉን አስጠጋሁላቸው። መልሰው ወደ እኔ ገፉት።

“አጀላቸው፣ ቀናቸው ደርሶ ነው፤ ባንተ አይደለም። ይህን ይዤ እኔ ምን አደርጋለሁ? አንተ ተኛበት።”

ለአንድ ወር ያህል ልነካው አልቻልኩም። ወደ ድሮዬ ተመለስኩ። ሐኪሙን፣ ማስካቸውን አድርገው ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አይታወቅም አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው ያለው፤ እኔ ግን ከዚያች ቃል መውጫ አጣሁ። ባለቤቴ በመጨረሻ ማስኩን ራሷ አጥባ ትራሴ ላይ አስቀመጠችው። እኔም አደረግኩት። ልክ ነው። በሆዴም ብተኛ፣ በጎኔም ብዞር አይሾልክም። ጎማው እየሳሳ ነው፤ ሲቀደድ ሌላ ከየት እንደማገኝ አላውቅም፤ መፈለግም አልጀመርኩም።

ልጃቸው ከጂዳ ደወለችልኝ። ስልክ ቁጥሬን ከእናቷ ነው የወሰደችው። አባቷ ስለ እኔ ያወሯት እንደነበር ነገረችኝ፤ በመጨረሻ ጊዜያቸው ስላጫወትኳቸው አላህ ይስጥልኝ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባቴ ያን የላክኩለትን ማስክ ያደርገው ነበር? እኔ እኮ ሁልጊዜ አድርግ እያልኩ እጨቀጭቀው ነበር።”

እናቷ እንዳልነገሯት ገባኝ።

“ያደርጉት ነበር” አልኳት።

አልሐምዱሊላህ አለች። ደጋግማ አመሰገነችኝ። እኔ አሜን፣ አሜን እያልኩ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።