የቱኬ አራት መቆንጠጫዎች

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው አለቃ ሲሆን እኔ ወፍ ሆንኩ።

ከዚያ በፊት የማዳም ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚያው እያደርኩ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አበስላለሁ። ማዳም ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ አይስክሬም ቤት አላት። አንድ ጠዋት ከውጭ ያስመጣችውን ትልቅ የፔንግዊን ልብስ ከካርቶን አወጣችና ቁመቴን በዓይኗ ለካች። «አንቺ ትገቢበታለሽ» አለች። ዕድገቴ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አጭር ነው። መጀመሪያ እግሩ ይገባል፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱ ይጠለቃል። ጭንቅላቱ ስፖንጅ ነው፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ውጭውን የማየው በምንቃሩ ቀዳዳ ነው። ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ክንፌን አወዛወዝኩ። ጅቡቲ ፔንግዊን አታውቅም፣ ቁራ ግን ሞልቷታል። ልጆቹ «ቱኬ፣ ቱኬ» እያሉ ከበቡኝ፤ በሶማልኛ ቁራ ማለት ነው። ማዳም ተናደደች፤ ቆይታ ግን የሱቁን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽም በዚሁ ስም ከፈተችው።

ደንቡ ሁለት ነው። ቱኬ አይናገርም። ውስጡ ማን እንዳለም አይታወቅም፤ ከታወቀ እኔ ወደ ማጠቢያው እመለሳለሁ። በዚህ ሥራ ምክንያት ከማዳም ቤት ወጥቼ ከከተማው ዳር ባልባላ፣ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር የራሴን ክፍል ተከራይቼ ነበር። በሩን ከውስጥ የምቆልፈው እኔ ነኝ። ይህን በር ማጣት አልፈለግሁም።

ማዳም ሁለተኛ ሱቅ እዚያው ዋራበሌ ልትከፍት ሆነ። ቦታው በቱኬ ፎቶዎች ፍንጭ ብቻ ይነገራል፤ በምረቃው ቀን መጀመሪያ የተገኘ ፍሪጅ ይሸለማል አለች። ፎቶ ማንሳቱም መለጠፉም ለእኔ ተሰጠ።

እኔም ተጠበብኩ። ስልኬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ አንዱን የባልባላ ሚኒባስ አጠገብ ተነሳሁ፣ አንዱን የዋራበሌን ጠጠር ረግጬ። ማንም ልብ አላለም። ልብ ያሉት ጀርባዬን ነው። የልብሱ ዚፕ ተበላሽቶ ነበርና፣ አጣቢ ሰው ሌላ ምን ያውቃል፣ በአራት የልብስ መቆንጠጫ ይዤው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ብሩክ በአዲስ አበባ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ወደብ ላይ የጭነት ተራ ሲጠብቅ እኔ ጋ እየመጣ ይበላል፤ መቀመጫ ጠረግ አድርጌ እፍ ሳልልበት ስለማልቀመጥ ሁልጊዜ ይስቅብኛል። እሱም ቢሆን ቤት ሠራተኛ እንደሆንኩ ነው የሚያውቀው። ሹፌሮቹ ተራ እስኪደርስ ሥራቸው ስልክ ነውና፣ በግሩፕ ሆነው የቱኬን ፍንጭ ይፈታሉ። አንድ ቀን እየበላ ስልኩን ፊቴ ደቀነው።

«አየሽ እታለም፣ አራት መቆንጠጫ። ካርቲዬ 4፣ አራተኛው ሰፈር ማለት ነው።»

«ዚፑ ተበላሽቶበት ቢሆንስ?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ልብስ ይመስልሻል። ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ውስጡ ያለው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው፤ እስቲ አቋቋሙን እይው።»

አቋቋሜን ሲያደንቅልኝ ወጥ ጨመርኩለት።

አንዱ መቆንጠጫ ገበያ ውስጥ ወድቆብኝ በሦስት የተነሳሁ ዕለት ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ካርቲዬ 3 ነው አለ። ብሩክ እህል አልወርድ አለው። አሳዘነኝና በማግስቱ አራተኛውን መልሼ ሰካሁ።

በምረቃው ቀን ዋራበሌ የተገኘነው ማዳም፣ እኔና ከጎን ሳምቡሳ የምትጠብስ ጎረቤት ብቻ ነበርን። ሕዝቡ ካርቲዬ 4 ነው። ገጹ ላይ «ዋራበሌ ነው» ብዬ በግልጽ ጻፍኩ። ሊያዘናጋን ነው ብለው ጭራሽ ከቦታቸው አልነቃነቅ አሉ። ማዳም ድምጿን ሳታነሳ፣ ሰው ካልመጣ ልብሱን አጥቤ እንዳስረክብ፣ እኔም ወደ ቤቷ እንድመለስ ነገረችኝ።

ጭንቅላቴን አጠለቅሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጭንቅላቱ ለብቻው ቦታ ይዟል ብሎ የሁለት ሰው ጠየቀኝ። ቱኬ አይናገርም፤ ከፈልኩ።

ካርቲዬ 4 ስደርስ ሰፈሩ በጩኸት ቀለጠ። በክንፌ ወደ ባልባላ ጠቆምኩ፤ ጨፈሩ። የአንዱን እጅ ይዤ ጎተትኩ፤ አብሮኝ ፎቶ ተነሳ። ተስፋ ቆርጬ ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ። ከመቀመጤ በፊት ግን እንደ ልማዴ ወንበሩን በክንፌ ጠረግ ጠረግ አድርጌ እፍ አልኩበት።

ከሹፌሮቹ ጋር ከሕዝቡ ፊት ቆሞ የነበረው ብሩክ ይህን አየ። ጠጋ ብሎ በምንቃሩ ቀዳዳ አየኝ።

«እታለም?» አለ በሹክሹክታ።

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፤ ምንቃሬ ዓይኑን ሊያወጣው ነበር። ሳይስቅ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በተሰባበረ ሶማልኛ ተናገረ።

«ቁጥሩን ተዉት። መቆንጠጫ ነው፣ የልብስ መቆንጠጫ። የዚህን ከተማ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሥራ ሲጨርሱ የት ነው የሚገቡት? ባልባላ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እንዲህ ያለ ፍንጭ እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም። ሚኒባሶቹ ወዲያው ሞሉ፤ ማዳምም ከዚያ በኋላ ስለ ማጠቢያው አላነሳችብኝም። ፍሪጁን የወሰደችው ሳምቡሳ ጠባሿ ናት፤ አንድም ፍንጭ ሳትፈታ ከጠዋት ጀምራ እዚያው ነበረች።

ዘንድሮ ልብሱን ለሚለብሱት ልጆች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ከጀርባችሁ ያለውን እዩ፤ ሰው የሚያየው እሱን ነው።

ብሩክ የዚያን ዕለት ግሩፑ ላይ፣ ቱኬን በቅርብ እንዳየው፣ ውስጡ ያለው በእርግጥም ረጅም ኳስ ተጫዋች እንደሆነ ጻፈ። በሚቀጥለው ጉዞው በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ይዞ መጣ፤ የቱኬን ጭንቅላት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስፖንጁን በቢላ ፈለፈለና ገጠመልኝ።