የእማማ ሸዋዬ ለቅሶ

ባለፈው ዓመት በአንድ ትልቅ የባሕር ማዶ ከተማ፣ ዓለም አቀፍ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ላይ ተጋብዤ፣ እናቴ ያወረደቻቸውን ሁለት ስንኞች በአማርኛ አንብቤ፣ ተርጓሚው ተከትሎኝ ሲጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ ጭብጨባ መሆኑ ቀረና፣ አንኮበር ለቅሶ ላይ ደረታቸውን የሚደቁ ሴቶች ድምፅ ሆኖ መጣብኝ።

እናቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ከአንኮበር አልፎ ከቁልቁለቱ ማዶ ሳይቀር ይጠሯት ነበር፤ እሷ ግን ስለ ሟቹ ሳትጠይቅ አፏን አትከፍትም። ቀሚሷን ይዤ በጉም ውስጥ ስከተላት፣ ሰውየው እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ በመጨረሻም ሲሞት ከንፈሩን በውሃ ያራሰለት ማን እንደሆነ ዘመዶቹን ትጠይቅ ነበር። ይህን ሳትሰማ ሙሾ አትጀምርም። ወንድሜ ጌታሁን «ከእማዬ በፊት መሞት ነው የሚያዋጣው፣ አሳምራ ትሸኛለች» እያለ ሲቀልድባት፣ እንትፍ እንትፍ ብላ በማማሰያ ታባርረው ነበር።

በቀይ ሽብር ዘመን፣ በሐምሌ፣ አብዮት ጠባቂዎች ጌታሁንን ከምሳ ላይ አንስተው ወሰዱት። ገና ተማሪ ነበር። ከቀናት በኋላ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውበት፣ ግማሽ ፊቱን ጥይት ወስዶት፣ ዝናብ እየወረደበት አገኘነው። እናቴ በነጠላዋ ልትሸፍነው ጎንበስ ስትል ሬሳውን ከሚጠብቁት አንዱ ነጠላውን በጫማው ረግጦ ጭቃ ውስጥ ደፈቀው። ሬሳውን መኪና ላይ ወርውረው ሄዱ፤ ወዴት እንደወሰዱት እስከ ዛሬ አላውቅም። የቀበሌው ሊቀመንበር ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ ማልቀስም ጥቁር መልበስም እንደሚያሳስር ነገረን።

መስከረም ጠብቶ ኅዳር ሲገባ እናቴ እህል አልወርድላት ብሎ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጎረቤቶች ሹልክ ብለው ገብተው፣ እጇን ጨበጥ አድርገው «ሆድ ይፍጀው» ብለዋት ይወጡ ነበር። ሆድም ፈጃት። ለአገር ሁሉ ያለቀሰች ሴት ለልጇ ድምፅ ማውጣት ተከልክላ፣ ጥጥ እየፈተለች ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። እሷም ትሞትብኛለች ብዬ እፈራ ነበር።

ጥር ላይ የሊቀመንበሩ እናት እማማ ሸዋዬ ሞቱ። ሊቀመንበሩ እናቱ በተርታ አልቃሽ እንዲሸኙ አልፈለገምና እናቴን አስጠራት። ጎረቤታችን እንዳትሄድ ለመነቻት፤ እናቴ ግን «ለቅሶ ብድር ነው» ብላ፣ ያንኑ የረገጡባትን ነጠላ ዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች።

ዳሱ ውስጥ ሊቀመንበሩ ፊት ቆማ፣ «እማማ ሲያርፉ ከንፈራቸውን ያራሰላቸው ማን ነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። በእጄ» ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ጠላሁት፤ ደግሞ አሳዘነኝ።

እናቴ ያንን እጁን ሳይቀር በሙሾዋ አንስታ እማማ ሸዋዬን በወግ በወጉ አለቀሰቻቸው። ዳሱ በእንባ ራሰ። በእኛ አገር ደግሞ አዲሱን ሟች ቀድመው ለሄዱት መልእክት ማስያዝ የሙሾ ወግ ነው፤ ሊቀመንበሩ በዚሁ ወግ ያደገ ሰው ሆኖ፣ እሷን ሲያስጠራ ይህን አላሰበውም። እናቴ ወደ አስከሬኑ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

«እማማ ስትሄጂ ልጄን ካገኘሽው፣
በደሙ ነው ያለው፣ እጠቢና አልብሺው።»

አንዲት ሴት ደረቷን ደቃች፣ ሌላዋም ተከተለች። አንዱ ጠባቂ ዘሎ እናቴን በጠመንጃ ሰደፍ አፏ ላይ መታት፤ ጥርሶቿ ረግፈው ነጠላዋ በደም ተነከረ። ሰደፉን ደግሞ ሲያነሳ ሊቀመንበሩ ቀና ሳይል፣ «ተዋት፤ የእናቴ ለቅሶ ነው» አለው። እናቴ ደሟን እየተፋች ስንኞቹን ደገመቻቸው፤ ሴቶቹም ተራ በተራ የየራሳቸውን ልጅ በስም እየጠሩ ለእማማ ሸዋዬ አደራ ሰጡ።

በማግስቱ «ተዋት» ያለው ሰው ራሱ አስወሰዳት። ውስጥ እግሯን ሥጋው እስኪላጥ ገረፏት። ሲለቋት በጉልበቷ እየዳኸች ቤት ስትገባ እየጮህኩ ሮጥኩ፤ እሷ ግን «ዝም በይ፤ አልቅሼለታለሁ» ብላ እህል አቅርቢልኝ አለችኝ። ባበጠ አፏ በላች።

እኔ ያንኑ ስንኝ ይዤ በአውሮፕላን ሄድኩ፣ ጥሩ ሆቴል አደርኩ፣ አበባ ተሰጠኝ። ጭብጨባው ሲበርድ ስለ ቤት አመታቱና ስለ ምቱ ጠየቁኝ፤ በደንብ አድርጌ መለስኩ። እናቴ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ቢጠይቁኝ፣ የጌታሁንን ከንፈር ያራሰው የሐምሌ ዝናብ ነው እላቸው ነበር።